ከመጋዘን የወጣ ሙዚቃ

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2023 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የግራሚ ሽልማት ይሰጥ ነበር። ቢዮንሴ ‹ሬኔሳንስ› በተባለው አልበሟ የዓመቱን የዳንስና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሽልማት አሸንፋ መድረክ ላይ ወጣች። ለእሷ 32ኛው ግራሚ ነው፤ ከዚያ ምሽት በፊት ያን ያህል የሰበሰበ ሙዚቀኛ አልነበረም። እንባ እየተናነቃት ፈጣሪዋን፣ ወላጆቿን፣ ባሏንና ልጆቿን አመሰገነች። ከእነሱ መሃል አጎቷን ጆኒን ጠራች፤ ቀጥላም ይህን የሙዚቃ ስልት ለፈለሰፉት ለጌዮችና ለወገኖቻቸው ምስጋና አቀረበች።

ጆኒ በእናቷ በኩል የሥጋ ዘመዷ ነው። አጎቴ እያለች ነው ያደገችው። ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ከዚህ ሙዚቃ ጋር መጀመሪያ ያስተዋወቃትም እሱ እንደሆነ ራሷ ጽፋለች። ጌይ ነበር፤ በኤድስ ምክንያት አረፈ። በዚያ ሁሉ ካሜራ ፊት ስሙን ማንሳቷ ዕዳ መክፈል ነው።

ዕዳው ደግሞ የእሷ ብቻ አይደለም። ሠርግ ላይ፣ ስፖርት ቤት፣ ታክሲ ውስጥ ሳንሰማው የማናልፈው ምት አለ። ከበሮው አይቆራረጥም፤ በእያንዳንዱ ቆጠራ ላይ እኩል ይወርዳል፤ ከላዩ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ የሚመስል ድምፅ ይነሣል። በፊት ዲስኮ ተባለ፣ ኋላ ሃውስ። ዛሬ የሁሉም ሆኗል። የተወለደው ግን ሁለት ወንዶች ተቃቅፈው ቢደንሱ ፖሊስ በሚደርስበት አገር፣ በግለሰብ ቤት፣ በመጋዘንና በመኪና ጋራዥ ውስጥ ነው።

እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን በአማርኛ ለመጥራት የተለመደው ቃል ከመጥሪያነቱ መወንጀያነቱ ስለሚያይል፣ ይህ ጽሑፍ እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩበትን ጌይ የሚለውን ቃል መርጧል።

ከዲስኮ ብዙ ቀደም ብሎ ሃርለም ነበረች። ሃሚልተን ሎጅ የሚባል የጥቁሮች መረዳጃ ማኅበር፣ ዕድር ብንለው ከእውነቱ አንርቅም፣ በ1869 የጭምብል ጭፈራ መደገስ ጀመረ። በ1920ዎቹ ድግሱ የታወቀው ቀሚስ ለብሰውና ተኳኩለው በውበት በሚወዳደሩ ወንዶች ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይታደማል። ጥቁርና ነጭ እንደልቡ በማይቀላቀልበት አገር ባለጸጋ ነጮች ሳይቀሩ ሊያዩ ይመጣሉ። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ በ1940 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ይህን ድግስ አንሥቶ ጽፏል።

በዚያው ዘመን ግላዲስ ቤንትሊ የምትባል ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። የወንድ ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ ረጅም ባርኔጣ ደፍታ፣ የታወቁ ዘፈኖችን ግጥም ባልተጠበቀ አቅጣጫ እየለወጠች ታዳሚውን ታስቀዋለች። አዝማሪ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ጥበቡ አይጠፋውም። ሴቶችን እንደምትወድም አትደብቅም ነበር። ዘመኑ ሲከፋ ግን ቤንትሊም ተሰበረች። በ1952 ኢቦኒ በተባለው መጽሔት ላይ በሕክምና ወደ ሴትነቷ እንደተመለሰች የሚናገር ጽሑፍ አወጣች፤ በ1960 ሞተች። ያን ጽሑፍ ዛሬ ማንበብ ያማል። እንጀራዋን ላለማጣት ስትል ራሷን የካደች ሰው ድምፅ አለበት፤ ለክህደቷም ተጠያቂዋ እሷ አይደለችም።

ዘመኑን ያከፋው ሕጉ ነው። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ትእዛዝ ጌዮች ከፌዴራል መንግሥት ሥራ እንዲባረሩ መሠረት ሆነ። ዛሬ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እንደሚያስቀጣው ሁሉ፣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ያስቀጣ ነበር፤ ሕጉን በመሻር የመጀመሪያዋ ግዛት ኢሊኖይ ስትሆን እሱም በ1961 ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ ቅጣቱ በመጠጥ ፈቃድ በኩል ይመጣል። ጌዮች የተሰበሰቡበት ባር «ሥርዓት የጎደለው ቤት» ተብሎ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ባለቤቶች ገና ከበር ይመልሷቸዋል።

ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ማታሺን የተባለው የጌዮች ማኅበር ጥቂት አባላት ሱፍና ክራቫት አድርገው ጁሊየስ ወደሚባል ባር ገቡ። ጌዮች መሆናቸውን ተናገሩና መጠጥ አዘዙ። አስተናጋጁ ብርጭቆውን አቅርቦ ነበር፤ የተናገሩትን ሲሰማ የብርጭቆውን አፍ በመዳፉ ከደነ። የዚያች ቅጽበት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ግርፋትም ደምም የለበትም፤ በብርጭቆ ላይ ያረፈ አንድ መዳፍ ነው። ሰው ከሰው ማዕድ የሚለየው እንዲህ በዝምታ እንደሆነ ከዚያ የተሻለ ያሳየ ሥዕል ማግኘት ያስቸግራል።

ሕጋዊው ነጋዴ ሲሸሽ ማፊያው ገባ። ክሪስቶፈር ጎዳና ላይ የነበረው ስቶንዎል ኢን የማፊያ ቤት ነው። የመጠጥ ፈቃድ የለውም፤ ከባንኮኒው ጀርባ የቧንቧ ውኃ እንኳ አልነበረም። ፖሊስ ጉቦውን ይቀበላል፣ ሲፈልግ ደግሞ ይወርረዋል። ያም ሆኖ ቤቱ ይሞላል፤ ጌዮች ሙዚቃ ከፍተው ተቃቅፈው ሊደንሱ የሚችሉበት ቤት በከተማው እንደልብ አይገኝም ነበርና። ጁን 28 ቀን 1969 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፖሊስ ሲገባ ታዳሚው እንደወትሮው አንገቱን ደፍቶ አልወጣም። ደጅ የተሰበሰበው ሕዝብ ሳንቲም፣ ከዚያም ጠርሙስ መወርወር ጀመረ፤ ፖሊሶቹ ራሳቸው ወደ ቤቱ ገብተው በሩን ለመዝጋት ተገደዱ። ግጭቱ ለቀናት ቆየ። በዓመቱ በዚያው ቀን ጌዮች በኒው ዮርክ ጎዳና በቀን ብርሃን ሰልፍ ወጡ። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ስለዚያ ሌሊት ይቅርታ የጠየቁት በ2019 ነው፤ ሃምሳ ዓመት ፈጀ።

ስለዚያ ሌሊት የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ አለ። በ1939 ‹ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ› በተባለው ፊልም ገና በልጅነቷ የገነነችውን ጁዲ ጋርላንድን ያህል በጌይ ወንዶች ዘንድ የምትወደድ ዘፋኝ አልነበረችም። በ1969 ጁን 22 ለንደን ውስጥ ሞተች፤ ኒው ዮርክ ላይ የሽኝቷ ሥርዓት የተፈጸመው በ27ኛው ቀን፣ ግጭቱ ሊፈነዳ ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ስለዚህ ያነሣሣቸው ሐዘኑ ነው ተባለ። ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች አይቀበሉትም፤ ከፊት የነበሩት ቤት አልባ የጎዳና ልጆች ጋርላንድን ከሚያፈቅረው ትውልድ አልነበሩም። እውነት ባይሆንም ግን የሚገልጠው ነገር አለ። በየትኛውም ዘፈን ውስጥ ራሳቸውን እንዳያገኙ የተከለከሉ ሰዎች በሌላ ሰው ድምፅ ውስጥ ይጠለላሉ። ወድቃ የምትነሣ፣ ተጎድታ የምትዘፍን ሴት ድምፅ ለእነሱ የቅርብ ዘመድ ያህል ነበር፤ ከጋርላንድ በኋላ የመጡት የዲስኮ ንግሥቶችም የተወደዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

የሙዚቃው ለውጥ ግን የመጣው ከሰልፉ ሳይሆን ከአንድ ሰው ሳሎን ነው። ዴቪድ ማንኩሶ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ሰው ነው። ያሳደጉት መነኩሲት ለወላጅ አልባዎቹ ልጆች ፊኛ ሰቅለው፣ ሸክላ እያጫወቱ ድግስ ያደርጉላቸው ነበር፤ ማንኩሶ ያን አልረሳም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970 ብሮድዌይ 647 ቁጥር በሚገኘው ሰፊ መኖሪያው ውስጥ ወዳጆቹን ጠርቶ ድግስ ደገሰ፤ እሱም ጣሪያውን በፊኛ ሞላው። ቤቱ ‹ዘ ሎፍት› ተባለ። የሚገባው የተጠራ ሰው ነው። ምግብና ጭማቂ አለ፤ መጠጥ አይሸጥም። መጠጥ ካልተሸጠ የመጠጥ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ፈቃድ ከሌለ የሚነጠቅ ነገር የለም። በዚህ ቀላል ዘዴ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ የላቲን ዘሩ፣ ጌዩና ጌይ ያልሆነው እስኪነጋ አብሮ ጨፈረ።

ከዚህ ቤት ጋር አፍሪካን የሚያገናኝ ታሪክ አለ። በ1972፣ ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በሆኑበት ዓመት፣ ካሜሩን ስምንተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጀች። ሳክስፎን ተጫዋቹ ማኑ ዲባንጎ ለውድድሩ መዝሙር ሠራ። በሸክላው ጀርባ ‹ሶል ማኮሳ› የሚል ሌላ ሥራ ጨመረበት። ማንኩሶ ይህን ሸክላ ብሩክሊን ውስጥ ከአንድ የካሪቢያን ሰዎች ሙዚቃ ቤት አግኝቶ ሎፍት ውስጥ አጫወተው። ጨፋሪው አበደ። የሬዲዮ ሰዎች ሰሙት፤ በከተማው ያለው ጥቂት ቅጂ አለቀ፤ በ1973 ‹ሶል ማኮሳ› በአሜሪካ የተወዳጅ ዘፈኖች ሠንጠረዥ 35ኛ ደረጃ ደረሰ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ማይክል ጃክሰን በ‹ትሪለር› አልበም መክፈቻ ላይ ያሰማው አዝማች ከዚያ ሥራ የመጣ ነው፤ ዲባንጎም ስለ ባለቤትነቱ ተከራክሯል። ማይክል ጃክሰንን ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም። ያ የአፍሪካ ዜማ ወደ እሱ የሄደበት መንገድ ግን ጌዮች በሚጨፍሩበት ሳሎን በኩል እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሎፍት ልጆች አፈራ። ጨፋሪው እንዳይበርድበት አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር ሳያቋርጡ ማያያዝ ጥበብ ሆነ፤ ዲጄ ሸክላ ቀያሪ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሙዚቀኛ ሆነ። ችግሩ የሸክላው ማነስ ነበር። የዘመኑ ነጠላ ሸክላ ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ አይበልጥም፤ ሰው ገና ላብ ሲጀምረው ያልቃል። ቶም ሞልተን የተባለ ባለሙያ ዘፈኖችን እየቆራረጠና እየቀጠለ አስረዘማቸው፤ የረዘመውንም በትልቁ፣ ባለ 12 ኢንቹ ሸክላ ላይ መቅዳት ጀመረ። ስፋቱ ለድምፅ መስመሮቹ ቦታ ሰጠ፤ ወፍራሙ ድምፅ ደረትን እንደ ነጋሪት የሚመታው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1976 ዲጄው ዋልተር ጊበንስ እንደገና ያቀናበረው የደብል ኤክስፖዠር ‹ቴን ፐርሰንት› ለገበያ በመቅረብ የመጀመሪያው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ሆነ። ዛሬ ‹ሪሚክስ› የምንለው ሁሉ የዚህ ሥራ ልጅ ነው።

ላሪ ሌቫንና ፍራንኪ ኖክልስ የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ወጣቶች፣ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ጌይ፣ ሙያውን የተማሩት በዚህ ዘመን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮንቲነንታል በተባለ የጌዮች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሸክላ ያጫውቱ ነበር፤ ዘፋኟ ቤት ሚድለር በባሪ ማኒሎው ፒያኖ ታጅባ ዘፍና የታወቀችበት ቤት ነው። ኋላ ሌቫን ኪንግ ጎዳና 84 ቁጥር ላይ በነበረ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ‹ፓራዳይዝ ጋራዥ›ን ይዞ ነገሠ። እዚያም መጠጥ አይሸጥም። ታዳሚው በብዛት ጥቁርና የላቲን ዘር የሆነ፣ ከገንዘብም ከሥልጣንም የራቀ ሰው ነው። ሌቫን የመረጠው ሸክላ ሰኞ ጠዋት ከሙዚቃ ቤቶች ያልቃል ይባል ነበር። የማዶና የመጀመሪያ ዘፈን የ‹ኤቭሪባዲ› ቪዲዮ የተቀረጸው በዚህ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ከቤቶቹ የወጡት ዘፈኖች ስንት ታሪክ ተሸክመዋል! ግሎሪያ ጌይነር በ1978 ያወጣችው ‹አይ ዊል ሰርቫይቭ› ኩባንያው ትኩረት ሳይሰጠው በሸክላ ጀርባ የተጣለ ነበር፤ ሸክላውን ገልብጠው ያነሡት የክለብ ዲጄዎች ናቸው። የዳያና ሮስ ‹አይም ካሚንግ አውት› በ1980 የተወለደው ናይል ሮጀርስ በአንድ ክለብ መጸዳጃ ቤት እሷን መስለው የለበሱ ወንዶችን አይቶ ነው። ሮጀርስ ያን ሲያይ አልሳቀም፤ ዘፋኟን ይህን ያህል ለሚወዱ ሰዎች ዘፈን ይገባቸዋል ብሎ አሰበ።

ካርል ቢንን ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማለፍ አይቻልም። ባልቲሞር ተወልዶ በመንፈሳዊ ዝማሬ ያደገ ሰው ነው። በ1977 ሞታውን ኩባንያ ‹አይ ዋዝ ቦርን ዚስ ዌይ› የሚል ዘፈን አስዘፈነው። የዘፈኑ ተናጋሪ ጌይ መሆኑን በግልጽ፣ በደስታ፣ ያለ ይቅርታ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ቢን በዝናው አልነገደም። ሎስ አንጀለስ ገብቶ ሰባኪ ሆነ፤ በ1980ዎቹ ከቤተ ክርስቲያን የተገፉ ጥቁር ጌዮች የሚጸልዩበት ዩኒቲ ፌሎውሺፕ የተባለ ቤተ ክርስቲያን መሠረተ፤ ኤድስ ሲመጣ ቸል የተባሉትን ጥቁርና የላቲን ዘር በሽተኞች የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። ሌዲ ጋጋ የ2011 ዘፈኗ ‹ቦርን ዚስ ዌይ› መነሻው እሱ እንደሆነ ተናግራለች። ሃይማኖትና ጌይነት አይገናኙም የሚል ሰው የዚህን ሰው ሕይወት ይመልከት።

ሲልቬስተርም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። በ1947 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፤ በጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ልጅ ሆኖ ሲዘምር ምእመኑን ያስለቅስ ነበር። ማንነቱ ሲታወቅ ከዚያ ወጣ። ሳን ፍራንሲስኮ ገብቶ በሚያብረቀርቅ ልብስ፣ በቀጭንና ከፍ ባለ ድምፅ ዘፈነ፤ በ1978 ‹ዩ ሜክ ሚ ፊል› ዓለምን ዞረ። በማርች 1979 በሳን ፍራንሲስኮ ትልቁ ኦፔራ ቤት ሙዚቃውን ሲያቀርብ፣ ከመዘምራን መሃል የወጣው ልጅ የከተማዋ ኩራት ሆኖ ነበር። ዘፈኑን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ሲልቬስተር ዝማሬውን እንዳልተወ ያውቃል፤ ዝማሬውን ይዞት ነው የወጣው።

ሆሊውድ ዲስኮን ሲወስደው እነዚህን ሰዎች አልወሰደም። በ1977 የወጣው ‹ሳተርደይ ናይት ፊቨር› ጀግናው የብሩክሊን ጣልያን ወጣት ነው። ፊልሙ የተመሠረተበትን የመጽሔት ዘገባ የጻፈው ኒክ ኮን ኋላ ታሪኩን ከራሱ እንደፈጠረው አምኗል። ዲስኮ ገበያ ሆነ፤ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሮክን እየተዉ ወደ እሱ ዞሩ። ያኔ ጥላቻው ተከተለ።

ስቲቭ ዳል የተባለ የቺካጎ የሬዲዮ አቅራቢ ጣቢያው ወደ ዲስኮ ሲዞር በ1978 የገና ዋዜማ ከሥራ ተባረረ። ወደ ሌላ ጣቢያ ሄዶ በዲስኮ ላይ ዘመቻ ከፈተ። ጁላይ 12 ቀን 1979 በኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች ነበሩ፤ የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ በ98 ሳንቲም እንዲገባ ተፈቀደ። 50,000 ገደማ ሰው መጣ። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ዳል የወታደር ቆብ ደፍቶ ሜዳ ገባ፤ በሸክላ የተሞላው ሣጥን በፈንጂ ተደረመሰ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሜዳውን ወረረ፣ ሣሩን ነቀለ፣ እሳት አነደደ። 39 ሰዎች ታሰሩ፤ ሁለተኛው ጨዋታ ተሰረዘ።

ዳል ነገሩ ቀልድ እንደነበረ፣ ጥቁርን ወይም ጌይን መጥላት እንዳልሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። የዓይን ምስክሩ ግን ሌላ አየ። ቪንስ ላውረንስ ያኔ በስታዲየሙ ተመልካቹን ወደ ወንበሩ የሚያደርስ ጥቁር ወጣት ሠራተኛ ነበር። ሰዉ ይዞት የመጣውን ሸክላ ሲመለከት ብዙው ዲስኮ አልነበረም። የማርቪን ጌይ ሸክላ ነበረበት፤ የስቲቪ ወንደርም። የጥቁር ሰው ድምፅ ያለበት ሁሉ ለእሳቱ በቅቷል። የእሱ ምስክርነት ከዳል ማስተባበያ ይልቅ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ምን እንደሚፈነዳ የሚያውቀው ሸክላውን በዓይኑ ያየ ሰው ነውና።

በአማርኛ የዘፈኑም ሸክላ የምጣዱም ሸክላ ስሙ አንድ መሆኑ እዚህ ላይ ያሳስባል። ይህ ዓይነቱ በደል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በምጣዷ እንጀራ ጋግረን፣ በጀበናዋ ቡና አፍልተን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት ብለን ከማዕድ አርቀናል። ሸማኔው በሠራው ጥበብ ጥምቀትን እየዋልን ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ብለን ሰድበናል። ማረሻውን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ ልጃችንን አንሰጠውም ብለናል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል ብለው አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ቢያዩ ነው። በሥራው ተጠቅሞ ሠሪውን መናቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ቺካጎ ላይ የተደረገውን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከስታዲየሙ ብዙ ሳይርቅ፣ ሳውዝ ጀፈርሰን ጎዳና 206 ቁጥር ላይ ያኔ አንድ መጋዘን ነበር። ‹ዌርሃውስ› ይሉታል፤ መጋዘን ማለት ነው። ሮበርት ዊሊያምስ ጭፈራ ቤት አድርጎት መጀመሪያ ሌቫንን ከኒው ዮርክ ሊያመጣ ሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር፣ በ1977 ኖክልስ መጣ። ኖክልስ ይህን ቤት ከጸጋ ለወጡ ሰዎች እንደ ቤተ ክርስቲያን ይቆጥረው ነበር። ዲስኮ በሬዲዮ ሲሞት፣ ኩባንያዎችም አዲስ ሸክላ ማውጣት ሲያቆሙ፣ በእጁ ያለውን አሮጌ ሸክላ እየቆራረጠ፣ የከበሮ ማሽን እየጨመረበት ቀጠለ። ወጣቶቹ ወደ ሙዚቃ ቤት እየሄዱ ዌርሃውስ የሚጫወተውን ስጡን አሉ፤ ስሙ አጠረና ‹ሃውስ› ሆነ። በ1984 ‹ኦን ኤንድ ኦን› የተባለው፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የሃውስ ሸክላ የሚሉት ሥራ ወጣ። ከጄሲ ሳንደርስ ጋር የሠራው ያ የስታዲየም ልጅ፣ ቪንስ ላውረንስ ነው።

በዚህ መሃል ሞት ገብቶ ነበር። ጁን 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ጌይ ወጣቶች እንግዳ በሆነ የሳንባ ምች መያዛቸውን ዘገበ። በዓመቱ፣ ኒው ዮርክ ላይ የተቋቋመው የመጀመሪያው የኤድስ ረድኤት ድርጅት ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲነሣ አዳራሹ ፓራዳይዝ ጋራዥ ነበር። መንግሥት ዝም ሲል ጭፈራ ቤቱ ዕድር ሆነ፤ ያስታምማል፣ ይቀብራል፣ መዋጮ ይሰበስባል። የሲልቬስተርን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ያጀበው ፓትሪክ ካውሊ በ1982 ሞተ። የጋራዡ ባለቤት ማይክል ብሮዲ ቤቱ በተዘጋበት በ1987 ሞተ። ሲልቬስተር በ1988 ክረምት በሳን ፍራንሲስኮ ሰልፍ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ወጣ፤ በዲሴምበር 16 ሞተ። ከዘፈኖቹ የሚገኘው ገቢ የኤድስ ሕሙማንን ለሚረዱ ድርጅቶች እንዲሰጥ ተናዝዞ ነበር። ላሪ ሌቫን በ1992 ልቡ ከድቶት ሲሞት 38 ዓመቱ ነበር። አንድ ሙሉ የባለሙያ ትውልድ ጥበቡን በቅጡ ሳያስተምር አለቀ።

የሃርለም የውበት ውድድር ግን አልሞተም። ክሪስታል ላቤጃ በ1967 በአንድ የኒው ዮርክ ውድድር ዳኞቹ ጥቁር ተወዳዳሪዎችን እንደበደሉ በካሜራ ፊት ተናግራ ወጣች፤ ኋላም የጥቁሮች የራሳቸው ውድድር እንዲኖር አደረገች። ተወዳዳሪዎቹ በ‹ቤት› ተደራጁ፤ የላቤጃ ቤት፣ የኤክስትራቫጋንዛ ቤት፣ የኒንጃ ቤት። በአማርኛ የእገሌ ቤት ሲባል ዘርና መጠሪያ እንደሆነው ሁሉ፣ ለእነሱም ቤት ማለት ቤተሰብ ነው። ወላጆቹ ያባረሩት ልጅ እዚያ እናት ያገኛል፤ ስሟንም ይወርሳል። እንደ መጽሔት ሞዴል እየቆሙ በምት የሚደነሰው ቮግ ከዚህ ወጣ። በ1990 ማዶና በዘፈኗ ዓለም አቀፍ አደረገችው፤ ጄኒ ሊቪንግስተን ‹ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ› በተባለው ዘጋቢ ፊልም ባለቤቶቹን አሳየች። ፊልሙ ሲደነቅ ከታዩበት አንዳንዶቹ ተገቢው ክፍያ አልደረሰንም ብለው ቅር ተሰኙ። ከፊልሙ ሰዎች አንዷ ቬነስ ኤክስትራቫጋንዛ ሥራው ሳያልቅ በ1988 ተገድላ ተገኘች፤ ገዳይዋ አልተያዘም። ስለ ቮግ ሲነገር ይህም አብሮ መነገር አለበት፤ ውበቱን ብቻ መውሰድ ያንኑ የሸክላ ሠሪዋን በደል መድገም ነው።

ኖክልስ በ1998 ለሪሚክስ ባለሙያ በተሰጠው የመጀመሪያ ግራሚ ተሸለመ። በ2004 ቺካጎ የጀፈርሰን ጎዳናን አንድ ክፍል በስሙ ጠራች፤ ያኔ የኢሊኖይ ሴናተር የነበሩት ባራክ ኦባማ ለዚህ ረድተዋል። ኖክልስ ማርች 31 ቀን 2014 አረፈ። ሸክላ የተቃጠለበት ኮሚስኪ ፓርክ በ1991 ፈርሶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። በ206 ቁጥር ያለው መጋዘን ግን በ2023፣ ቢዮንሴ አጎቷን ባመሰገነችበት ዓመት፣ በቺካጎ ምክር ቤት ውሳኔ እንዳይፈርስ በቅርስነት ተመዘገበ።